ከነጋሪት ድምፅ እስከ ነጋሪት ጋዜጣ



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ስለ አንዲት ባልቴት የጡረታ ጕዳይ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው «የ2003ቱ የጡረታ ዐዋጅ እንዲህ ይላል» ሲል፣ ሁለተኛው «የለም፤ የ2003ቱ የጡረታ ዐዋጅ እንዲህ አይልም» ብሎ ይመልስለት ነበር። ሁለቱም በእጃቸው የታተመ ወረቀት ይዘዋል፤ ሁለቱም ያነበቡት በትክክል ነው፤ ከሁለቱም ውሸተኛ የለም። ባልቴቲቱ ግን ነጠላቸውን ተከናንበው በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መመላለስ ከጀመሩም ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር።

ነገሩ ቈይቶ ሲጣራ የክርክሩ ምክንያት አንድ የዓመት ቍጥር ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው የያዘው ዐዋጅ ቍጥር 345 ነው፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም.፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ደግሞ በ2003 የወጣ ነው። ሁለተኛው የያዘው ዐዋጅ ቍጥር 714 ነው፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ የፊተኛውን የተካ ነው። አንደኛው ዓመቱን ያነሣው ከእንግሊዝኛው ዓምድ፣ ሁለተኛው ከአማርኛው ዓምድ ስለ ሆነ፣ ስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሕጎች በአንድ ስም ተጠርተው ሰው አደናገሩ። የባልቴቲቱን ጕዳይ ፍጻሜ ወደ በኋላ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ይህ ሁሉ ክርክር የተነሣበት ወረቀት፣ ማለት ነጋሪት ጋዜጣ፣ ከየት እንደ መጣና እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ላስረዳ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ስሙን ሲጠራው ይውላል እንጂ ገልጦ የሚያየው ጥቂቱ ነውና።

በቀድሞው ዘመን ሕግ የሚታወቀው በጆሮ ነበር። ንጉሡ ወይም አገረ ገዢው ያዘዘውን ነገር ሕዝብ እንዲያውቀው ሲፈለግ፣ ሰው በሚበዛበት በገበያ ቀን ነጋሪት ይጐሰማል፤ ገበያተኛው ዝም ሲል ዐዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ቃሉን ያሰማል። ይህ አነጋገር ለጌጥ የተጨመረ አልነበረም። የማስታወቁን ሥራ ከነጋሪው አፍ ወደ ሰሚው ሁሉ የሚያሸጋግር ግዳጅ ነበር፤ ጨው ሊገዛ የወጣው ገበሬ ወደ መንደሩ የሚመለሰው የመንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ነው። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት በነበረበት አገር ከዚህ የተሻለ መንገድ መገኘቱን እጠራጠራለሁ። እንዲያውም ዐዋጁ በወጣበት ቀን በሰማው ሰው ብዛት ብንመዝነው፣ ነጋሪቱ ከጋዜጣው ሳይበልጥ አይቀርም።

የነጋሪት ጕድለቱ በማግሥቱ ነው። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይጨመርበታል፤ ይቀነስበታልም። ከዓመት በኋላ ክርክር ቢነሣ «እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው» ከማለት በቀር ተመልሶ የሚታይ ነገር የለም። ገበያው የተበተነ እንደ ሆነ ማስረጃውም አብሮ ይበተናል።

ስለዚህ አባቶቻችን ጸንቶ እንዲኖር የፈለጉትን ነገር፣ ይልቁንም የመሬትን ነገር፣ በብራና ጻፉት። ብዙውን ጊዜም የጻፉት ሰው ለማጥፋት በሚፈራው መጽሐፍ፣ በወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነበር። ዛሬ በኤርትራ ምድር ያለው የደብረ ሊባኖስ ዘሽመዛና የወርቅ ወንጌል፣ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ንጉሥ ላሊበላ ለገዳሙ የሰጠውን ጕልት መዝግቦ ይዟል። በጎንደር ዘመንም፣ በተለይ በ18ኛው መቶ ዓመት፣ የመሬት ሽያጭና ስጦታ በከተማይቱ አድባራት መጻሕፍት ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። የታሪክ ሊቅ የሆኑት ዶናልድ ክረሚ እነዚህን ማስታወሻዎች ለብዙ ዓመታት መርምረው፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2000 ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ስለ ዘመቻና ስለ ሹመት ሲናገር፣ እነዚህ የኅዳግ ጽሑፎች ግን ማን ለማን እንደ ሸጠ፣ ሴቶችም የመሬት ባለቤቶች ሆነው ይገዙና ይሸጡ እንደ ነበር ይነግሩናል።

እነዚህ ጽሑፎች በቤተ ክርስቲያን እጅ ቢሆኑም ለሁሉ የተገለጡ ነበሩ ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ሊጠቀምባቸው የሚችለው፣ የሚፈልገው ነገር በየትኛው ደብር፣ በየትኛው መጽሐፍ እንደ ተጻፈ የሚያውቅና ቄሰ ገበዙን አስፈቅዶ መጽሐፉን የሚያስወጣ ሰው ብቻ ነበር። አንድ ነገር ሳይደበቅ ሊሰወር እንደሚችል አባቶቻችን ከእኛ በፊት አይተውታል።

ወደ ማተሚያው ዘመን እንለፍ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላ የመንግሥት ሥራ በጽሕፈት እየበዛ ሄደ። በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ዐዋጆችን ከወሬው ጋር ያወጣ ነበር፤ በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። ነገር ግን ሕጎች ሁሉ በተራቸው የሚሰበሰቡበት አንድ የታወቀ ቦታ ገና አልነበረም። ከዚያም የፋሺስት ወረራ መጣ፤ ወራሪው አምስት ዓመት በራሱ ሕግ ሲያዝዝ ቈየ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት በተመለሰ ጊዜ አገሪቱ የነበራት የወረራ ዘመን ትእዛዝ፣ የእንግሊዝ ጦር ሹማምንት ማስታወቂያና ከወረራው በፊት የነበረው የራሷ ሕግ ተደራርበው ነበር። በዚህ መካከል አንድ ዳኛ «የሚሠራበት ሕግ የትኛው ነው?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ውል ተፈረመ። ሁለት ወር ያህል ቈይቶ፣ መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ የነጋሪት ጋዜጣ አንደኛ ዓመት ቍጥር 1 ታተመ። ዐዋጅ ቍጥር 1 ጋዜጣውን ራሱን የሚያቋቁም ነው፤ የዳኝነት አስተዳደሩ ዐዋጅ ቍጥር 2 ሆኖ ተከተለ። መንግሥት ሌላ ሕግ ከማውጣቱ በፊት ሕግ የሚታወቅበትን ቦታ ወሰነ ማለት ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ለጋዜጣው የተመረጠው ስምም ነጋሪት ሆነ። ድምፁ ቀርቶ ስሙ በወረቀቱ ራስ ላይ ተቀመጠ። ጽሕፈት ሚኒስቴር ያሳትመው የነበረው ይህ ጋዜጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን ይታተማል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውም የፍትሐ ብሔር ሕግ የታተሙት በዚሁ ጋዜጣ ልዩ እትም ነው። ብዙ ሰው እነዚህን እንደ ተራ መጽሐፍ ያያቸዋል እንጂ የጋዜጣ እትም መሆናቸውን አያስበውም።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጋዜጣው በተራ ቍጥር ይሄዳል፤ ቍጥሩ ግን መንግሥት በተለወጠ ቍጥር እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል። በ1934 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 1 አለ፤ ይኸውም አሁን የተናገርነው ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ጊዜያዊውን ወታደራዊ መንግሥት ያቋቋመበት ዐዋጅ ደግሞ ቍጥር 1 ተባለ። በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ሲታወጅ እርሱም ቍጥር 1 ሆነ። በ1983 ዓ.ም. የሽግግሩ ዘመን ቻርተር ቍጥር 1 ሆኖ ወጣ። ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. የፌዴራላዊው ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት የታወጀበትም ቍጥር 1 ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሳይጨምር የዐዋጅ ቍጥር ብቻ የሚነግራችሁ ሰው፣ ቤቱን ሲያመለክት ሰፈሩን እንደማይናገር ሰው ነው።

ዓመቱን ብትጨምሩትም ነገሩ አላለቀም። በመግቢያዬ የተናገርሁትን የጡረታ ክርክር የሚበልጥ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። «ዐዋጅ ቍጥር 1/1987» የሚል ጽሑፍ በአንድ መዝገብ ላይ ብታገኙ ምን ትረዳላችሁ? በእኛ አቈጣጠር ከሆነ ዛሬ ያለው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የታወጀበት ነው። በአውሮጳውያን አቈጣጠር ከሆነ ግን በመስከረም 1980 ዓ.ም. የታወጀው፣ በደርግ መጨረሻ ዘመን የነበረው ሕገ መንግሥት ነው። ሁለት ሕገ መንግሥታት፣ ያውም አንዱ ሌላውን ያወጣው መንግሥት ከወደቀ በኋላ የመጣ፣ በአንድ ቍጥርና በአንድ ዓመት ይጠራሉ! በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈ ጥናት ላይ ያያችሁትን ቍጥር ወደ አማርኛ ደብዳቤ ስትገለብጡ፣ ዓመቱን ካላረማችሁ ሕጉን ለወጣችሁት ማለት ነው። የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ቍጥር 47 በእንግሊዝኛው 47/1975 ተብሎ የሚጠራውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዳንድ ሰው ሁለት ዐዋጅ መስሎት ሁለቱንም ሲፈልግ አይቻለሁ።

ደግሞ የወረቀቱ ዓይነት አለ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዐዋጅ፣ ድንጋጌ፣ ትእዛዝ፣ የሕግ ክፍል ማስታወቂያ እየተባለ ይለይ ነበር፤ እያንዳንዱም የራሱ ተራ ቍጥር ነበረው። ዛሬ ምክር ቤቱ የሚያወጣው ዐዋጅ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ደንብ ይባላል። ክልሎችም የየራሳቸው ጋዜጣ አላቸው፤ የአማራ ክልል ዝክረ ሕግ፣ የኦሮሚያ መገለታ ኦሮሚያ ይባላል። በፌዴራሉ ጋዜጣ የፈለጋችሁትን ብታጡ የለም ብላችሁ አትፍረዱ፤ የፈለጋችሁበት ቦታ አይደለም እንጂ ነገሩ በሌላው ጋዜጣ ሊኖር ይችላል።

በዚህ ውስጥ መንገድ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲነሣ በእኔ ግምት ከሁሉ አስቀድሞ መጠቀስ የሚገባቸው ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ናቸው። በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት ዝክረ ነገር የተባለው ትልቅ መጽሐፍ፣ የቀድሞውን የመንግሥት ሥራ ከነሰነዱ የሰበሰበ ነው፤ የመሬት ሥሪቱ፣ ግብሩ፣ ማዕርጉ፣ የቤተ መንግሥቱ የግምጃ ቤት ሥርዓት፣ የሚኒስቴሮች አመሠራረት፣ ሁሉም አለበት። ጸሐፊው እንደ እናንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ አባታቸውም ጸሐፌ ትእዛዝ ነበሩ። በየመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው ወረቀት እርጥበትና ምስጥ እንዳይበላው አስቀድመው ያሰቡ ይመስለኛል። ዛሬ ስለ ምኒልክ ዘመን አስተዳደር የሚጽፍ ሰው ይህን መጽሐፍ ሳያገላብጥ ብዙ መራመድ አይችልም፤ የታሪክ ምሁራንም ዘወትር ይጠቅሱታል። መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። አንዳንዱን ሰነድ ከየት እንዳገኙት ቢናገሩ ኖሮ ለእኛ ይበልጥ ይጠቅመን ነበር። ነገር ግን ከእርሳቸው ጋር በዚያ ዘመን መዝገብ ላይ ተቀምጠው ከነበሩት ስንቱ አንድ ገጽ እንኳ ትቶልናል?

ሕጎቹን ራሳቸውን በተመለከተ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በሥራ ላይ የነበሩትን ሕጎች በየርእሳቸው አሰባስቦ፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1972 አወጣ። ያ መድበል አሁን ብዙው ክፍል ያለፈበት ነው፤ እስከዚያ ዘመን ድረስ ለነበረው ግን አሁንም መንገድ ያሳያል።

ስለ ቦታው ከተነሣ፣ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተከፈተ። ሕዝቡ ስሙ ሲረዝምበት የፊተኛውን ትቶ «ወመዘክር» ብሎ ጠራው፤ «ወ» በግእዝ «እና» ማለት ስለ ሆነ፣ ቤቱ እስከ ዛሬ «እና መዘክር» እየተባለ ይኖራል ማለት ነው። ይህን ለጨዋታ አነሣሁት እንጂ ሥራው ትልቅ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 179 የአገሪቱን ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሥልጣን ወስኗል፤ የቈዩ የጋዜጣው ጥራዞችም ከዚያ ይገኛሉ። የዘመኑን ጋዜጣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ያትመዋል፤ ብዙውም አሁን በኮምፒዩተር ይነበባል። በኮምፒዩተር ለሚያነቡት አንድ ነገር ላሳስብ፤ የተገለበጠው ገጽ የእንግሊዝኛው ዓምድ ብቻ እንደ ሆነ አማርኛውን ሳታዩ አትወስኑ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው ዐዋጅ ቍጥር 3/1987 በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ የአማርኛው የበላይ እንደሚሆን ደንግጓልና።

ሕግ ሲፈለግ ከፊተኛው ተነሥቶ ወደ ኋለኛው ከመውረድ ይልቅ፣ ከኋለኛው ተነሥቶ ወደ ፊተኛው መውጣት ይሻላል። አዲሱን ዐዋጅ አግኝቶ ወደ መጨረሻዎቹ አንቀጾች መሄድ ነው፤ «የተሻሩ ሕጎች» የሚለው አንቀጽ የቀድሞውን ቍጥር ይነግራል፤ ያም የራሱን ቀዳሚ ይነግራል። የጡረታው ነገር ለምሳሌ ዛሬ ከሚሠራበት ከ1267/2014 ወደ 714/2003፣ ከዚያ ወደ 345/1995፣ እንዲህ እያለ በ1955 ዓ.ም. እስከ ወጣው እስከ ቍጥር 209 ድረስ ይወስዳል፤ በየመካከሉም ማሻሻያ አለ። ማሻሻያውን ያላየ ሰው ግማሽ ሕግ ይዞ ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜም ጋዜጣው የራሱን የኅትመት ስሕተት በኋለኛው እትም ያርማል፤ ይህን የሚያስተውለው እጅግ ጥቂት ነው። የተሻረ ሕግም ዋጋ የለውም ብሎ መጣል አይገባም፤ በዘመኑ ስለ ተደረገው ነገር ለሚነሣ ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ዘንድ ነውና።

ከሁሉ የከፋው ግን በጋዜጣው ላይ ጭራሽ የማይገኘው ነው፤ ማለት መመሪያ። ባለጕዳይን «መመሪያው አይፈቅድም» ብሎ መመለስ በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ነው። «እስቲ መመሪያውን ላየው» ሲባል ግን መመሪያው ከአንድ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቍልፉም ፈቃድ ከወጣ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ነጋሪት እንኳ በገበያ ይጐሰም ነበር! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ዐዋጅ ቍጥር 1183 ይህን ለማስቀረት፣ መመሪያዎች እንዲመዘገቡና ለሕዝብ በግልጽ እንዲወጡ አዝዟል። ከእርሱም በፊት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 29 ማንም ሰው መረጃ የመሻትና የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። ዐዋጅ ቍጥር 590/2000 ደግሞ መንገዱን ዘርዝሮታል፤ ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ ይቀርባል፤ መሥሪያ ቤቱም ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ የተከለከለ ሰው ለበላይ ኀላፊው፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚናገረው የዚህ ዐዋጅ ክፍል በ1238/2013 ቢተካም፣ ስለ መረጃ የሚናገረው ክፍል ቀርቷል። ይህን ሕግ ጋዜጠኞች ያውቁታል። ግን ሊያውቀው የሚገባው ከሁሉ ይልቅ ጥያቄው በጠረጴዛው ላይ የሚወድቅበት ጸሐፊ ነው።

ወደ ባልቴቲቱ ልመለስ። የሁለቱ ባልደረቦቼ ክርክር በድምፅ ብዛት ሊያልቅ ስላልቻለ፣ የቈዩትን የጋዜጣ ጥራዞች ፍለጋ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወረድን። የ1995ቱን ጥራዝ ያገኘነው መስኮት እንዳይዘጋ ተደግፎበት ነው፤ አቧራውን አራግፈን ከ714 ጋር ጎን ለጎን ዘረጋነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ምክንያቱም የትኛው ዐዋጅ ባልቴቲቱን እንደሚመለከት ለማወቅ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ባለቤታቸው መቼ እንዳረፉ ነው፤ ይህን ደግሞ በሦስቱ ሳምንት ውስጥ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ጠየቅናቸው። «በ2001 ዓ.ም.፣ የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ለት፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው ልጆቼ» አሉ። ቍጥር 345ን የያዘው ባልደረባዬ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ እርሱ ግን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለምን ትክክል እንደ ሆነ አያውቅም ነበር። መዝገቡ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለፊርማ ቀረበ።